ካናን በግቢ ማልማትና ከበሽታ መጠበቅ

ካና በመኖሪያ ግቢ፣ በመሥሪያ ቤት አጥር ሥርና በመንገድ አካፋዮች ላይ የሚተከል የጌጥ ተክል ነው። መገኛው ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ሲሆን፣ በዕፅዋት አመዳደብ ከእንሰት፣ ከሙዝ፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ይዛመዳል። ተክሉ ምግቡን የሚያከማቸውም ሆነ በዋናነት የሚራባው ከአፈር በታች በሚያድገው ሥር መሰል ግንድ (ከዚህ በኋላ «ሥር» የሚባለው) በመሆኑ፣ የካና እንክብካቤ የሚጀምረው ጤናማ ሥር ከመምረጥ ነው።

አተካከል

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጣል። አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ማደባለቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሥር ቡቃያ የሚወጣባቸው 2 ወይም 3 ዐይኖች ሊኖሩት ይገባል። ዐይኖቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ ተደርጎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይቀበራል፤ በተክሎቹ መካከልም ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተዋል። የዝናብ ወቅት መግቢያ ለተከላ አመቺ ነው።

እንክብካቤ

ካና እርጥበት ይወዳል፤ በመሆኑም በበጋ አፈሩ ሳይደርቅ ውኃ ማጠጣት ይገባል። አንድ አገዳ አበባውን ከጨረሰ በኋላ ዳግም ስለማያብብ ከሥሩ ቢቆረጥ ለአዳዲስ ቡቃያዎች ቦታ ይለቃል። በደጋ አካባቢ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለውም ሥሩ ካልተጎዳ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ መሬቱን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ሥሩን ከቅዝቃዜ ይከላከላል። የተጨናነቀ ተክል በ3 ወይም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ተነቅሎ ይከፋፈላል።

ሥር ከመለዋወጥ በፊት

ጎረቤታሞች የካና ሥር መሰጣጣታቸው መልካም ልማድ ነው። ሆኖም በቫይረስ የተያዘ ሥር በሽታውን ከግቢ ወደ ግቢ ያዛምታል። ምልክቶቹ በቅጠሉ ላይ ወጥነት የሌለው ቢጫ ዝንጉርጉርነት፣ በጅማቶቹ መካከል የሚታይ መድረቅ፣ የቅጠል መጨማደድና የተክሉ መቀጨጭ ናቸው። በተፈጥሯቸው ቢጫ መስመር ያላቸው ዝርያዎች ግን መስመሮቻቸው በሁሉም ቅጠል ላይ ተመሳሳይ በመሆናቸው ሊለዩ ይችላሉ።

ለቫይረሱ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ መወገድ አለበት፤ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድም ሊገባ አይገባም። ካናን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ ባቄላንም የሚያጠቃና በክሽክሽ አማካይነት የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ጥንቃቄው የጓሮ ሰብልንም ይጠብቃል። ቢላዋና መቀስም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመዛወራቸው በፊት በበረኪናና ውኃ ድብልቅ መጽዳት ይኖርባቸዋል።

ስለሆነም ሥር ከመስጠትዎም ሆነ ከመቀበልዎ በፊት ተክሉን ቅጠል ባወጣበት ወቅት ይመልከቱ። ከተጠራጠሩ በአቅራቢያዎ የሚገኝ የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።