ቁሌት እንዴት ይሠራል?

የወጥ ጣዕም የሚወሰነው በርበሬው ከመግባቱ በፊት ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላ የቱንም ያህል ቅቤ ቢጨመርበት ወጡ አይነሳም። ባለሙያ ሴት ስንት ደቂቃ ይፈጃል ተብላ ብትጠየቅ "እስኪበስል ነዋ!" ብላ ታልፋለች። እውነቷን ነው፤ ቁሌት የሚጠበቀው በሰዓት ሳይሆን በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚካሄደውን ያወቀ ሰው ግን ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ ያየውንም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሌላው ማሳየት ይችላል።

መጀመሪያ ውሃው ይለቅ

ከሽንኩርት ክብደት 89 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከትፎ ድስት ውስጥ የጨመረ ሰው ወደ 900 ግራም የሚጠጋ ውሃ አብሮ ጨምሯል ማለት ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በደረቁ ማቁላላት የሚቻለውም ለዚህ ነው፤ በራሱ ውሃ ይበስላል።

ይህ ውሃ እስካለ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከውሃ መፍያው ብዙም አያልፍም። ዱባይን በመሰለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ሽንኩርቱ ይልማል እንጂ አያርም። ሲከተፍ ዓይን የሚያስለቅሰው ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በእንፋሎቱ እየበነነ ይሄዳል፤ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ጣፋጭነትም ይወጣል።

ስለዚህ ድስቱ ይከፈት፤ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሽንኩርቱ ይድቀቅ፤ የደቀቀ ሽንኩርት ቶሎ ውሃውን ይለቃል፣ በኋላም ወጡ ውስጥ ሟሙቶ መረቁን ያወፍራል። ቲማቲም የሚገባበት ወጥ ከሆነ ሽንኩርቱ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርቱን እንዳይፈርስ አጥብቆ ይይዘዋል።

ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ላይ ይንተከተክ የነበረው ድስት መጮህ ይጀምራል። ማማሰያው ሲጎተት የድስቱ መቀመጫ ይታያል፣ የተከፈተው መስመርም ቶሎ አይሞላም። አሁን ሙቀቱን የሚይዝለት ውሃ የለም፤ ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ሽንኩርቱ በፍጥነት ይጠይማል፣ ትንሽ ከዘገዩም ያራል። ዘይት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በርበሬ ዘይት ይፈልጋል

የበርበሬ ቅላትም ሆነ ማቃጠሉ የሚሟሟው በቅባት ነው፤ ውሃ ብቻውን አያወጣቸውም። ማስረጃው ቀላል ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ቁንጥር በርበሬ፣ በአንድ ጭልፋ የሞቀ ዘይት ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁንጥር ይጨምሩ። ውሃው ይደፈርሳል፤ ቆይቶ በርበሬው ወደ ታች ይዘቅጣል። ዘይቱ ግን ራሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። በውሃ ብቻ የፈላ በርበሬ ጥሬ ጥሬ የሚለውና ቀለሙ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ችግሩ በርበሬ ደቃቅና ስኳር ያለበት ስለሆነ በጋለ ዘይት ውስጥ ቶሎ አርሮ መምረሩ ነው። መድኃኒቱ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ስትተን ሙቀቱን ይዛ ትሄዳለች፤ በርበሬው ሳያር ለረጅም ጊዜ ይበስላል። የጨመርነው ውሃ ተንኖ ሲያበቃ ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ ዳር ዳሩን ቀይ ሆኖ ይታያል። ቁሌቱ ደርሷል የሚባለው ያኔ ነው። ሥጋው፣ ዶሮው ወይም ሽሮው ተራው ደረሰ።

መከለሻ ግን እስከ መጨረሻው ይጠብቅ። የኮረሪማና የቁንዶ በርበሬ ሽታ በሙቀት ቶሎ ስለሚበን፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው የሚነሰነሰው።

ፎቶውስ?

ብዙ የወጥ ፎቶ የሚበላሸው በፍላሽ ነው። የስልክ ፍላሽ ያለው ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ወጡ ላይ ያለውን ዘይት መትቶ ቀጥታ ይመለሳል፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ይፈጥራል፣ የቁሌቱንም ውፍረት ያጠፋል። ፍላሹ ይጥፋና ድስቱ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ትንንሽ ጥላ ስለሚጥል የሽንኩርቱ መፍረስና የዘይቱ መለየት ጎልቶ ይታያል። የማዕድ ቤቱን አምፖልም ያጥፉት፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ስልኩ የበርበሬውን ቀለም ያዛባዋል።

ሌላው ችግር ስልኩ ጥቁር ነገር ሲያይ ማፍካቱ ነው። ድስቱ ጠቆር ያለ ስለሆነ ያፈካዋል፤ ቀዩ ወጥ ብርቱካናማ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ወጡን ነክተው የብርሃን መጠኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ነጭ እንጀራ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስልኩ ያጨልመዋልና ትንሽ ከፍ ያድርጉት። የቅቤ ወጥ ከሆነ ሳይበርድ ያንሱት፤ ቅቤ ሲበርድ ስለሚረጋ የወጡ ወዝ ይጠፋል። እንፋሎቱ ሌንሱን ካደበዘዘው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት።

ከሁሉ በላይ ግን የተዘረጋውን ማዕድ ብቻ አያንሱ። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ሆና ወጥ መሥራት ለምትፈልግ ልጅ ከሞሰቡ ፎቶ ይልቅ የድስቱ ፎቶ ይጠቅማታል። አራት ይበቃሉ፦ ሽንኩርቱ ሲገባ፣ ውሃው ሲያልቅ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ዘይቱ ሲለይ። አራቱም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን ይነሱ፤ ያኔ የቀለሙ ልዩነት የቁሌቱ እንጂ የብርሃኑ አይሆንም።

"አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ አርባ ደቂቃ" ብሎ መጻፍም አይከፋም። ይሁንና እሷ የምትገዛው ሽንኩርት ውሃው ሊበዛ፣ ምድጃዋ ሊፈጥን፣ ድስቷም ስስ ሊሆን ይችላል። ደቂቃው ይለያያል፤ የዘይቱ መለየት ግን የትም አገር አንድ ነው። "በቃው ወይ?" ብላ ስትደውል፣ አራተኛውን ፎቶ ከድስቷ ጋር ታስተያይ።