የደበዘዘ ዓይን ሁሉ የዓይን ሞራ አይደለም

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ እናት አንድ ጠዋት ተነሥተው «አንድ ዓይኔ ደበዘዘብኝ፤ ሳንቀሳቅሰውም ያመኛል» ቢሉ በብዙዎቻችን ቤት የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «ዕድሜ ነው»፣ «የዓይን ሞራ ይሆናል»፣ «ብርድ መትቶሽ ነው» እየተባለ ሳምንት ያልፋል።

የዓይን ሞራ ግን ቀስ ብሎ፣ ያለ ሕመም የሚመጣ ነው። በቀናት ውስጥ ዓይንን እያሳመመ የሚያደበዝዝ ነገር ሌላ ምክንያት አለው። ከምክንያቶቹ አንዱ የዓይን ነርቭንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለ በሽታ ነው።

በአንጎላችን ውስጥ አስትሮሳይት የሚባሉ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ነርቮችን ይመግባሉ፣ ያጸዳሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ልጆቹን ሰብስባ እንደምታሳድግ አያት ቁጠሯቸው። እግር መሰል ቅርንጫፎቻቸውን ዘርግተው የደም ሥሮችን ያቅፋሉ። የደም ሥሩን በሚነካው ስስ ሽፋናቸው ላይ አኳፖሪን 4 የተባሉ የውኃ መተላለፊያዎች አራት አራት ሆነው፣ እንደ ወለል ሴራሚክ ተደርድረው ይገኛሉ።

የቡራዩ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከደጁ ያለው የገፈርሳ ግድብ ሞልቶ እንኳ፣ መስመሩ ከተበላሸ ጀሪካኑ ባዶ ነው። አንጎልም ውኃ የሚያስገባውና የሚያስወጣው በአብዛኛው በእነዚህ ቧንቧዎች ነው። የሕዋስ የውኃ መተላለፊያዎችን ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ መተላለፊያዎቹን እንደ ጠላት ያያቸዋል። በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ድርድሩ ላይ ይጣበቃል፤ አስትሮሳይቱ ይጎዳል፤ እሱ የሚጠብቀው ነርቭም ይከተላል። ፀረ እንግዳ አካሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎች በሽታውን የመልቲፕል ስክለሮሲስ ዓይነት አድርገው ያዩት ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን በሽታ ያብሱታልና።

በሽታው ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነው። ሲያጋጥም ግን ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በ40 ዓመት አካባቢ ነው። አያቶችንም አይምርም።

እነዚህን ምልክቶች ልብ ይበሉ፦

• በድንገት ዓይን መደብዘዝ፣ በተለይ ሲያንቀሳቅሱት የሚያም ከሆነ፤
• እግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት መከልከል ወይም መቆጣጠር አለመቻል፤
• የጨጓራ ምክንያት ሳይገኝለት ለቀናት የማያቋርጥ ስቅታና ትውከት።

ሕክምናው አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ጉዳቱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በሽታው እንዳይመለስ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ በተመለሰ ቁጥር ከዓይንም ከእግርም ኃይል ይዞ ይሄዳልና።

ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ማየት አለመቻል የሕይወት ፍጻሜ እንዳልሆነ ከሰበታ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ሊተርፍ የሚችለውን ዓይን በመዘግየት ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ጸበሉም ይቀጥል፤ ሐኪሙ ግን አይዘግይ። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም በዚያው ቀን ይሂዱ። የነርቭ ሐኪም እንዲያያቸው ሪፈር ይጠይቁ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሦስቱም ከተሞች ሩቅ አይደለም። እናትዎ «ደበዘዘብኝ» ሲሉ መጀመሪያ «ከመቼ ጀምሮ? ያምዎታል?» ብለው ይጠይቁ።