ስሙ አንድ፣ ጨዋታው ብዙ፤ "ማይንክራፍት" በየማሽኑ ለምን ይለያያል?

"ለልጄ ማይንክራፍት ልገዛለት ነው፤ በየትኛው ማሽን ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ከወዳጅ ዘመድ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል፡፡ ብዙዎቹ ጠያቂዎች ስሙ አንድ እስከሆነ ድረስ ጨዋታውም አንድ ነው ብለው ያስባሉ፡፡ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፡፡ ልዩነቱን ሳያጣሩ መግዛት የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ከገንዘብ ያልፋል፤ ልጁ ለወራት የገነባው ከተማ ከአሮጌው ማሽን ጋር ተቆልፎበት ሊቀር ይችላልና፡፡

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ፡፡ ማይንክራፍት ተጫዋቹን ኩብ ቅርጽ ባላቸው ብሎኬቶች በተሠራ ሰፊ ምድር ላይ ይለቀዋል፡፡ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ነው፤ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይቆርጣል፣ ያገኘውን እየደረደረ ቤት፣ ድልድይና ከተማ ይሠራል፡፡ አምራቹ እንደገለጸው እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል፡፡ ጀማሪው ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ያቀረበው ለኮምፒዩተር፣ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ ነበር፡፡

የልዩነቱ መነሻም ይኸው ነው፡፡ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገጠሙ የሚሠሩት የጌም ማሽኖች፣ ማለትም ኮንሶሎች፣ በጃቫ የተጻፈውን ጨዋታ እንዳለ ሊያሠሩት አይችሉም ነበር፡፡ በመሆኑም ፎር ጄ ስቱዲዮስ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ጨዋታውን በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ እንደገና ጻፈው፡፡ የመጀመሪያው የኤክስቦክስ 360 ቅጂ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2012 ወጣ፡፡ የፕሌይስቴሽን 3 በ2013፣ የኤክስቦክስ ዋንና የፕሌይስቴሽን 4 በ2014፣ የዊ ዩ በ2015፣ የስዊች ደግሞ በ2017 ተከተሉ፡፡ የኤክስቦክስ 360 ቅጂ ሲወጣ ከኮምፒዩተሩ አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ የቀረ ነበር፡፡ ያለ ገደብ መገንባት የሚያስችለው የፈጠራ ስልት እንኳ የገባለት ከወራት በኋላ ነው፡፡

ለመሆኑ ትልቁ ልዩነት ምንድን ነው? የመሬቱ ስፋት ነው፡፡ በጨዋታው ስሌት አንድ ብሎኬት አንድ ሜትር ነው፡፡ በኮምፒዩተር ላይ ዓለሙ ከዳር እስከ ዳር 60 ሚሊዮን ብሎኬት ያህል ሲዘረጋ፣ በኤክስቦክስ 360 እና በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የአንዱ ጎን ርዝመት 864 ብሎኬት ብቻ ነበር፡፡ ይህ 75 ሄክታር ገደማ ነው፤ በድሮው አለካክ ሁለት ጋሻ እንኳ አይሞላም፡፡ ተጫዋቹ ዳር ሲደርስ የማይታይ ግድግዳ ያግደዋል፡፡ ምክንያቱ የማስታወሻ አቅም ማነስ ነው፤ የሁለቱም ማሽኖች ጠቅላላ ማስታወሻ 512 ሜጋባይት ነው፡፡ 8 ጊጋባይት ያላቸው ኤክስቦክስ ዋንና ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጡ የጎኑ ርዝመት እስከ 5,120 ብሎኬት አደገ፤ በስፋት ሲሰላ 35 እጥፍ መሆኑ ነው፡፡ 4 ጊጋባይት የያዘው ስዊች በ3,072 መካከል ላይ ቆመ፡፡

ኮንሶሎቹ ግን በሁሉም ነገር ያንሳሉ ማለት አይደለም፡፡ አንድ ቴሌቪዥን ለአራት ተከፍሎ አራት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው መጫወት ይችላሉ፤ የኮምፒዩተሩ የጃቫ ቅጂ ይህ የለውም፡፡ ዕቃ ለመሥራትም ጥሬ ዕቃውን በየቦታው መደርደር ሳያስፈልግ ከዝርዝር መምረጥ ይበቃል፡፡ ለጀማሪ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፡፡

ማይክሮሶፍት ባለቤቱን ሞጃንግን እ.ኤ.አ. በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ ቅጂዎቹን ወደ አንድ ማሰባሰብ ያዘ፡፡ ከሞባይሉ ቅጂ ያደገው "ቤድሮክ" በ2017 ወደ ኤክስቦክስ ዋን፣ በ2018 ወደ ስዊች፣ በዲሴምበር 2019 ወደ ፕሌይስቴሽን 4 ገባ፡፡ ከዚያ ወዲህ ባለ ስልኩ፣ ባለ ስዊቹና ባለ ፕሌይስቴሽኑ በአንድ ዓለም ይገናኛሉ፤ የድሮው የመሬት ገደብም ቀርቷል፡፡ ጃቫ ግን ዛሬም ለብቻው ነው፡፡ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሯቸውን ማሻሻያዎች በነፃነት ያስተናግዳል፡፡ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያገለግለው ሬድስቶን የሚንቀሳቀሱ አንዳንድ ማሽኖችም በጃቫ ሠርተው በቤድሮክ እምቢ ይላሉ፡፡

አሮጌዎቹስ? ኤክስቦክስ 360፣ ፕሌይስቴሽን 3ና ዊ ዩ ከዲሴምበር 2018 ወዲህ አዲስ ይዘት አላገኙም፡፡ የዊ ዩ የኢንተርኔት መደብር በማርች 2023፣ የኤክስቦክስ 360 ደግሞ በጁላይ 2024 ሽያጭ አቁመዋል፡፡ ዲስኩ ዛሬም ይሠራል፤ ከአዲሶቹ ማሽኖች ጋር ግን አይገናኝም፡፡ የተገነባን ዓለም ከኤክስቦክስ 360 ወደ ኤክስቦክስ ዋን፣ ከፕሌይስቴሽን 3 ወደ ፕሌይስቴሽን 4 ማሻገር ተፈቅዶ ነበር፡፡ መንገዱ ግን የአንድ አቅጣጫ ነበር፤ ወደ ኋላ መመለሻም፣ ወደ ሌላው ኩባንያ ማሽን መሻገሪያም አልነበረውም፡፡

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፡፡ መጀመሪያ የልጅዎ ጓደኞች በምን እንደሚጫወቱ ይጠይቁ፡፡ ኮምፒዩተር ላይ ጃቫ የሚጫወቱ ከሆነ ኮንሶል ቢገዙለት አብሯቸው ሊጫወት አይችልም፡፡ ያገለገለ ዲስክ የሚገዙ ከሆነ ሽፋኑን ያንብቡ፤ ከጨዋታው ስም ሥር የኤክስቦክስ 360 ወይም የፕሌይስቴሽን 3 "ኤዲሽን" የሚል ከተጻፈበት የቆመው ቅጂ ነው፡፡ አሮጌውን ማሽን ከመሸጥዎ ወይም ለሰው ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ በውስጡ ምን እንደተገነባ ልጁን ይጠይቁት፡፡ ለእርስዎ አሮጌ ዕቃ የሆነው ማሽን ለእሱ የሁለት ዓመት ሥራው ያለበት ቦታ ሊሆን ይችላል፡፡