አዋጁ ተነሣ፤ ሒሳቡስ ተዘጋ?



እዚህ ለሚ ላይ፣ በአንድ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እያስተማርን ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ወረርሽኝ ሲከሰት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለመላ አገሪቱ፣ ክልሎችም ለየክልላቸው አዋጅ ማወጅ እንደሚችሉ አስረዳን። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኮሮናው አዋጅ መቼ ነው የተነሣው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄውን ለክፍሉ መለስንለት። ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ሰሞን የሚያስታውሱ ብዙ ነበሩ። ዒድን ቤት ውስጥ የሰገደም ነበረ። አዋጁ የተነሣበትን ጊዜ የሚያውቅ ግን አንድም አልተገኘ። እውነቱን ለመናገር እኛም ወዲያው አልመጣልንም። ልጁን «ነገ እንነግርሃለን» ብለን ወጣን፤ ጥያቄው ግን ቤታችን ድረስ ተከተለን።

አገባቡና አወጣጡ

በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጁምዓ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም ቤት ዋሉ። በዚያው በመጋቢት ወር መጨረሻ በክልላችን ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴያቸው ተገደበ። የትግራይ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቶ ነበር። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለመላ አገሪቱ የአምስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ እጅ መጨባበጥን አገደ፤ ተሽከርካሪዎች በግማሽ እንዲጭኑ አዘዘ። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ደነገገ። የጀማዓ ሶላት ተቋረጠ። ሚያዝያ 16 የገባው ረመዳን ያለ መስጂድ ተራዊህ አለፈ፤ ግንቦት 16 የዋለው ዒድም በየቤቱ ተሰገደ። በኩዌትና በሌሎች አገሮች ሙአዚኖች በአዛናቸው ላይ ሰዉ በየቤቱ እንዲሰግድ የሚጠራውን ቃል ጨመሩ። የዚያ ዓመት ሐጅ በሳዑዲ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ።

አዋጁ ሲወጣ ራዲዮኑም ቴሌቪዥኑም አስተጋባ። አምስት ወሩ በ2012 ማብቂያ ላይ ሲሞላ ግን አልታደሰም፤ በመስከረም 2013 የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ተተካ። በከተማችን ነጋሪት የጎሰመ አልነበረም። ሰዉ ጭምብሉን ከአፉ ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ ኪሱ አወረደው፤ አዋጁም እንዲሁ ሳይታወቅ ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን የተናገረው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ጁምዓ ነበር። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ያን ቀን እንዳሉት፣ በይፋ የተመዘገበው ሟች 7 ሚሊዮን ያህል ቢሆንም እውነተኛው ቁጥር ከ20 ሚሊዮን አያንስም። በሽታው ግን ከነስጋቱ እንዳለ ነው። በአገራችን የተመዘገበው ሟች ከ7,500 በላይ ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) ተመልሰው መጡ

የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን በመድረሳ ተምረነዋል። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሶሓባዎችን አማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይደለም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነገሯቸው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ደግሞ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን አስታወቁ። በ2012 ይህን ታሪክ በየመድረኩ ሰምተነዋል፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ ያስተምራልና።

ከዚያ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ግን እምብዛም አይነገርም። የዐምዋስ ወረርሽኝ የተባለው ያ በሽታ 25 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ.) በዚያው አለፉ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሰዉን በየተራራው በተኑት፤ በሽታውም ተነሣ። ዑመር (ረ.ዐ.) ያኔ ዳግም ወደ ሻም ወረዱ፤ የሟቾችን ውርስ አከፋፈሉ፤ የተበላሸውንም አስተካከሉ። በሽታው ሲነሣ «ተገላገልን» ብለው መዲና አልተቀመጡም።

የተማሪያችን ጥያቄ የገባን እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ያበቃበትን ቀን ያላወቅነው ከዚያ በኋላ መሠራት የነበረበትን ሥራ ስላልጀመርነው ይሆን?

ባዶው ወንበር

ስለ ራሳችን እንናገር። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት 7ኛ ክፍል የምናስተምራት አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ከገጠር ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ በሒሳብ ከክፍሉ የምትቀድም። ሰባት ወር ያህል ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንበሯ ባዶ ሆነ። አባቷን በገበያ ቀን አገኘናቸው። «መምህር፣ ትምህርት እንግዲህ አይከፈትም ሲባል ሰማን። ቤት ከምትቀመጥ ብለን ዳርናት» አሉን።

የአገሪቱም የክልሉም የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ይጠይቃል። ይህን ልንነግራቸው አፋችንን ከፈትን፤ ግን መልሰን ዘጋነው። በእነዚያ ሰባት ወራት አንድ ቀን እንኳ ደጃቸው ሄደን «ይከፈታል፣ ልጅቷን ጠብቋት» አላልንም። መንገዱ አልተዘጋብንም ነበር፤ ጭምብልም ነበረን። ከአራት በላይ መሰብሰብን የከለከለው አዋጅ ሁለት ሰው በርቀት ቆሞ እንዳይነጋገር አልከለከለም። ደመወዛችን በየወሩ ሲገባ ቤታችን ተቀምጠን መዘጋቱን አማረርን።

እኚህ አባት ከጀማዓችን ናቸው። ጁምዓ በአንድ ሶፍ ስንቆም ትከሻቸው ትከሻችንን ይነካል። መስጂዱ ሲከፈት አንድ ክንድ ተራርቀን መስገዱ ቀርቶ ሶፉ ሲገጥም «አልሐምዱሊላህ» ብለናል፤ ልጅቷ የወጣችበት ክፍተት ግን እስከ ዛሬ አልተገጠመም። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አግኝተናት ሰላም ስትለን «ቲቸር፣ የማታ ትምህርት ያገባች ይቀበላል?» አለችን። ይቀበላል አልናት። ባሏን ለማነጋገር ግን እኛው መሄድ ነበረብን፤ ሄድንም። የመጀመሪያው መልስ «እናስብበታለን» ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ «መከሩ ይግባና» ሆነ። ኢንሻአላህ ሦስተኛ እንሄዳለን።

ሌሎቹ ክፍት ሒሳቦች

ውድ አንባብያን! በየቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር አይጠፋም። ሥራ በቆመበት ወቅት የተወሰደ ብድር ሳይመለስ፣ ሳይማርም የቀረ አለ። ኪራይ ሳይጨምር የታገሰ አከራይ አለ፤ «ጀዛከላህ» ያለው ግን የለም። ጥቂት ሰው ብቻ የሸኘው ጀናዛ አለ፤ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ለቅሶ አልተደረሰለትም፤ ከዚያም በኋላ «ጊዜው አለፈ» ተብሎ ቀረ። ሰላምታ ሲነፈገው የተናቀ መስሎት እስከ ዛሬ የተኳረፈ ጎረቤት አለ።

በ1911 ዓ.ም. የሕዳር በሽታ ብዙ ሺህ ሕዝብ ሲጨርስ አያቶቻችን አንድ ነገር አስቀርተውልናል፤ እስከ ዛሬ በሕዳር 12 ሰፈሩ ተጠርጎ ቆሻሻ ይቃጠላል። እኛስ ምን አስቀረን? በየበሩ የሰቀልናቸው ባለቧንቧ ጀሪካኖች በወራት ውስጥ ጠፉ። በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው እጅ መታጠብ የአዋጅ ነገር መስሎት መተዉ ያሳዝናል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዚህ ወር አንድ ማታ ይቀመጥና ሦስት ነገር ይጠያየቅ። ያኔ ትምህርት አቋርጦ ያልተመለሰ ከቤታችን ወይም ከጎረቤት ማን አለ? ያልተከፈለ ብድር ወይም ያልተከፈለ ውርስ አለብን ወይ? ለቅሶ ያልደረስንለት ማን ነው? መልሱ ስም ከሆነ በማግስቱ ወደዚያ ሰው ቤት ይሄዱ።

ለዚያ ተማሪ በማግስቱ «በ2012 ማብቂያ ላይ አበቃ» ብለን መለስንለት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ስለ ባዶው ወንበር ነገርነው። ጥቂት ዝም አለና «የኔም እህት ነበረች» አለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ለቀረነውም የቀረብንን የምንወጣበት ጉልበት ይስጠን። አሚን።