መለኪያ በሌለበት ቀበሌ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?

በዜና «በዞኑ መደበኛ ዝናብ ተመዝግቧል» ሲባል እንሰማለን። ለመሆኑ የተመዘገበው የት ነው? የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን በብዛት ያሉት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ቁጥር የተለካ ሳይሆን የተገመተ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከስታትስቲክስ ጋር ብዙም አንዋደድም፤ ይህቺ ግን ታስፈልገናለች።

የግምቱ መነሻ የሚቀራረቡ ቦታዎች ይመሳሰላሉ የሚል ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከጥቂት ናሙናዎች ተነስቶ ያልተቆፈረ ቦታ ምን ያህል ወርቅ እንዳለው የሚገመትበትን መንገድ አሳየ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ማትሮን በኋላ ሒሳቡን አደራጀው፤ ዘዴው «ክሪጊንግ» ይባላል።

ታዲያ የተለመደው ክሪጊንግ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ዝምድና የሚወስነው ርቀታቸው ብቻ ነው ብሎ ይነሳል። ሃያ ኪሎ ሜትር የትም ሃያ ኪሎ ሜትር ነው እንደማለት። ይህ «ወጥነት» ይባላል። እኛ አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። አፋር ሜዳ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ብትጓዙ ያው ሜዳ ነው፤ ያንኑ ያህል ወደ ወሎ ተራራ ሽቅብ ብትወጡ ግን ሙቀቱም ዝናቡም ሌላ ነው። ወራቱም ይለያያሉ፤ ወሎ በሐምሌ ሲዘንብ ቦረና ደረቅ ነው፣ የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ ከፍታን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ሌላው ለየአካባቢው የራሱን ስሌት መሥራት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ፖል ሳምፕሰንና ፒተር ጉቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ነው። ካርታውን እንደ ላስቲክ ይስቡታል! ዝምድናው ቶሎ የሚላላበት አካባቢ ይለጠጣል፣ ጠንክሮ የሚቆይበት ይሰበሰባል፤ ከዚያ በተሳበው ካርታ ላይ የተለመደው ስሌት ይሠራል። ይሁንና ስሌቱ እየተወሳሰበ በሄደ ቁጥር ብዙ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ጣቢያ ደግሞ የሚያንሰው ተራራውና ቆላው ላይ ነው።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የገበሬዎች ድርቅ ኢንሹራንስ ካሳ የሚከፍለው ማሳ ታይቶ ሳይሆን ከሳተላይት በተገመተ ዝናብ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ኢንሹራንስ ቁጥሩ «ዘንቧል» ካለ፣ ጤፉ የደረቀበት ገበሬ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ቀጣይ ባለሙያ ስታነጋግሩ የዝናቡን መጠን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቅርቡ መለኪያ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ፣ ከፍታው ከቀበሌው ጋር ይቀራረብ እንደሆነና ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በስንት ሊስት እንደሚችል ጠይቁ።