ጎማ፣ ጉልበት ወይስ ዕድል? የፓሪስ–ሩቤ ተመልካቾች የማይቋጭ ሙግት

በእግር ኳስ ደጋፊ ዘንድ "ዳኛው ነው የበላን" የሚል ወሬ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ የብስክሌት ወዳጆችም በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ የሚያነሱት የራሳቸው ሙግት አላቸው። ፓሪስ–ሩቤ የሚባለው ውድድር ባለቀ ማግስት በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂየም አንዱ "ያሸነፈው በጎማው ነው" ይላል። ሌላው "የለም፣ በጉልበቱ ነው" ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ "ኧረ ተዉ፣ ዕድል ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አንድ ሰው ለምን እንደሚያሸንፍና ለምን እንደሚሸነፍ ብዙ የሚያስተምር ሙግት ነው። በዚህ ጽሁፍ የሦስቱንም ወገን ሐሳብ ባጭሩ ለማብራራት እሞክራለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ድንጋዩና ውድድሩ

ፓሪስ–ሩቤ በ1896 የተጀመረ የአንድ ቀን ውድድር ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ሁለት የሩቤ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብቶች ናቸው። ስሙ ፓሪስ ይበል እንጂ ከ1977 ወዲህ የሚነሳው ከፓሪስ በስተሰሜን ካለችው ኮምፒየኝ ነው። ርቀቱ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 55 ኪሎ ሜትር ገደማው ድንጋይ የተነጠፈበት የገጠር መንገድ ነው። ይህ የድንጋይ መንገድ ወደ ሰላሳ በሚጠጉ ክፍሎች ተበታትኖ ይገኛል። አዘጋጆቹ እንደ ክብደቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጡታል። አምስት ኮከብ ያላቸው አረንበርግ፣ ሞንስ-አን-ፔቬል እና ካርፉር ደ ላርብር የተባሉት ሦስቱ ናቸው።

እዚህ ላይ "ኮብልስቶን" ሲባል በከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተነጠፈው እንዳይመስለን። የእኛው በመዶሻና በመሮ ተጠርቦ፣ ልኩ ተመጥኖ፣ ተጠጋግቶ የሚደረደር ነው። የሩቤው ግን ጋሪና የእርሻ መኪና የሚመላለስበት አሮጌ መንገድ ነው። ድንጋዩ ትልልቅ ነው፤ አናቱ በዘመን ብዛት ተልጎ ክብ ሆኗል፤ በመሀል በመሀሉ ክፍተት አለው። መንገዱ መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ ዳርና ዳር ይዘቀዝቃል። ሲደርቅ አቧራ ነው፣ ሲዘንብ ጭቃ። "የሰሜኑ ገሃነም" የሚለው ቅጽል ስም የወጣው ግን በድንጋዩ የተነሳ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1919 መስመሩን ሊያዩ የሄዱ ጋዜጠኞች የወደመውን አገር ተመልክተው ያወጡት ስም ነው። ዛሬ ስሙ ለድንጋዩ ሆኖ ቀርቷል። አሸናፊው የሚሸለመውም ያንኑ የመንገድ ድንጋይ ነው።

የድንጋይ ላይ ውድድር ለአካባቢያችንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። በ2022 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ኬመልበርግ የተባለውን የድንጋይ ዳገት የሚያቋርጠውን የቤልጂየሙን ጌንት–ዌቨልገም ሲያሸንፍ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

"በጎማው ነው" የሚሉት

የመጀመሪያዎቹ ተሟጋቾች ዓይናቸው የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ምክንያትም አላቸው። በአስፋልት ላይ በደንብ የተነፋ ጎማ ጥሩ ይሽከረከራል። ድንጋይ ላይ ሲደርስ ግን ያው ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል። ብስክሌቱ በነጠረ ቁጥር ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል፤ የጋላቢው እጅና ወገብም ይደቆሳል። ንፋሱ ቀነስ ያለ ጎማ ግን የድንጋዩን ጉብታ ውጦ ያልፋል። ታዲያ ለምን ሁሉም ንፋሱን አያስተነፍስም? ቢሉ፣ መልሱ ወዲህ ነው። ንፋሱ ካነሰ ድንጋዩ ቸርኬውን እስኪነካ ድረስ ጎማው ይደፈጠጣል፤ በቸርኬና በድንጋይ መካከል የተያዘ ከመነዳሪ ደግሞ ወዲያው ይበሳል። ይህ ብቻም አይደለም። ከ260ው ኪሎ ሜትር 200 ያህሉ አስፋልት ስለሆነ ለድንጋዩ ተብሎ የለሰለሰ ጎማ እዚያ ዋጋ ያስከፍላል።

መፍትሔ ፍለጋው ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ዢልቤር ዱክሎ-ላሳል በ1992 እና በ1993 ያሸነፈው ከተራራ ብስክሌት የተወሰደ አሞርዛተር ያለው የፊት ሹካ ገጥሞ ነው። በዚህ የተደፋፈሩት በ1994 ለቤልጂየማዊው ዮሃን ሙሴው ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው ብስክሌት ሰጡት። ብስክሌቱ ግን በውድድሩ መሀል ተበላሸበት። ከዚያ በኋላ አሞርዛተሩ እየቀረ መጣ። ውሎ አድሮ አሸናፊው ሐሳብ ከሁሉም ቀላሉ ሆነ፤ ጎማውን ማስፋት። ድሮ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ የነበረው ጎማ ዛሬ 30 እና ከዚያ በላይ ደርሷል። ቸርኬውን ከጎንና ከጎን ቆንጥጦ የሚይዘው ፍሬን ሰፊ ጎማ አያስገባም ነበር፤ የዲስክ ፍሬን ሲመጣ ይህ ችግር ተፈታ። ከመነዳሪውም ወጥቶ በምትኩ ትንንሽ ቀዳዳን ራሱ የሚደፍን ፈሳሽ ጎማው ውስጥ ይጨመራል። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ንፋሱ ቢቀንስም ቶሎ አይደፈጠጥም።

የእነዚህ ወገኖች ትልቁ ማስረጃ የፍጥነት ሪከርዱ ነው። በ1964 ሆላንዳዊው ፒተር ፖስት በሰዓት 45.1 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት አሸነፈ። ይህ ሪከርድ ለ53 ዓመታት ሳይደፈር ቆይቶ በ2017 ግሬግ ቫንአቨርማት በጥቂቱ አሻሻለው። ከዚያ ሰፊው ጎማ በተስፋፋበት ዘመን በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ተሰብሮ 47.8 ደረሰ። "ይኸው! ሰው በሦስት ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ጎማው ነው" ይላሉ።

መከራከሪያው ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ቀዳዳ አለው። በ1964 አካባቢ የገጠሩ መንገድ በአስፋልት እየተሸፈነ የድንጋዩ ርቀት በጣም ቀንሶ ነበር። ፖስት የነዳው መንገድ የዛሬው አይደለም ማለት ነው። አዘጋጆቹ "ውድድሩ መልኩን ሊያጣ ነው" ብለው ድንጋይ ፍለጋ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የአረንበርግ ጫካ መንገድ በ1968 የገባውም በዚህ ምክንያት ነው። የጠቆማቸው ዦን ስታብሊንስኪ የሚባል የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከዚያው ጫካ ሥር ባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ይሠራ ነበር። ዛሬ ደግሞ የውድድሩ ወዳጆች ማህበር የተነቀለውን ድንጋይ እየመለሰ መንገዱን ይጠግናል። በዚያ ላይ ነፋስ ከኋላ ሲነፍስና ፉክክሩ በጊዜ ሲጀመር ፍጥነት መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ ሪከርዱን በሙሉ ለጎማ መስጠት አይቻልም።

"በጉልበቱና በብልሃቱ ነው" የሚሉት

ሁለተኛዎቹ ተሟጋቾች "ጎማውማ ሁሉም አለው" ይላሉ። እነሱ የሚያዩት ማን የት ቦታ ላይ እንዳለ ነው። 170 ያህል ሰው በሰፊ አስፋልት ተጠጋግቶ እየነዳ ይመጣና በድንገት ጋሪ የሚያሳልፍ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ውስጥ ይገባል። ከፊት ያሉት ሃያዎቹ የመረጡትን መስመር ይይዛሉ፤ ድንጋዩንም ያዩታል። ከኋላ ያለው ግን የሚያየው የፊተኛውን ጀርባና አቧራ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲወድቅ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ከፍተኛው ፍልሚያ የሚካሄደው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከድንጋዩ በፊት ባሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። አረንበርግ መግቢያ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። መጨረሻው ገና ወደ 95 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል እኮ!

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የሴቶች ውድድር ነው። እንግሊዛዊቷ ሊዚ ዴይግናን ገና የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይደርስ ከፊት ነበረች። የቡድን ጓደኞቿን ለማገዝ ፊት ሆና ስትነዳ ዞር ብላ ብታይ ተከታይ የለም። ቀጠለች። በረጠበውና በጭቃማው መንገድ 82 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ነድታ አሸነፈች። ጓንት ስላላደረገች እጇ ደምቶ ነበር። የተከፈላት የአሸናፊነት ሽልማት 1,535 ዩሮ ሲሆን በማግስቱ የወንዶቹ አሸናፊ 30,000 ዩሮ ተቀብሏል። ድንጋዩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ክፍያው ግን አንድ አልነበረም።

ሌላው የብልሃት ምሳሌ የ2011ዱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቸላራ ያን ጊዜ ከሁሉም በላይ ጠንካራ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሁሾቭድ ከኋላው ተለጥፎ አንዴም ከፊት ሆኖ ነፋሱን አልከፈለለትም። ለምን? የሁሾቭድ የቡድን ጓደኛ ዮሃን ቫንሱመረን ቀድመው ከወጡት ጋር ስለነበር ነው። ካንቸላራ ቢያሳድድ ሁሾቭድን ተሸክሞ መሄዱ ነው፤ ባያሳድድ ቫንሱመረን ያመልጣል። በመጨረሻ ካንቸላራ ተነጥሎ ቢወጣም የደረሰው ሁለተኛ ሆኖ ነው። በዚያች ዕለት ከሁሉም ጉልበተኛው ሰው በቡድን ሥራ ተሸነፈ። የእኛ የ10 ሺህ ሜትር ሯጮች ተቀባብለው ሲመሩ ላየ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የሚያስገርመው ደግሞ ቫንሱመረን የመጨረሻዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ያህል የነዳው የኋላ ጎማው ተንፍሶ ነው። የጎማ ወገኖች ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ዕድልስ የለም ወይ?

ሦስተኛዎቹ እዚህ ጋ ይገባሉ። በ2006 አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ ከመሪዎቹ ጋር ሳለ መሪውን ከሹካው የሚያገናኘው ቱቦ ተሰበረበትና ወደቀ። በ2023 ማቲው ቫንደርፑልና ዋውት ቫንአርት ካርፉር ደ ላርብር ላይ ሌሎቹን ጥለው ሲወጡ የቫንአርት ጎማ ተነፈሰ፤ ቫንደርፑል አሸነፈ። ቫንአርት ቦታውን በሚገባ ይዞ ነበር፤ ጎማውም ከማንም አያንስም። ይህን ዕድል ካላልነው ምን እንለዋለን?

እኔ እንደሚገባኝ ዕድል አለ፤ ነገር ግን ከሚባለው በጣም ያነሰ ነው። ፊት ያለ ሰው ጎማው ሊተነፍስ ይችላል፤ ኋላ ያለ ሰው ግን የራሱ ጎማ ባይተነፍስም የሌላው ሰው መውደቅ ያስቀረዋል። በ2025 ታዴይ ፖጋቻር ከቫንደርፑል ጋር ሳለ መጠምዘዣ ላይ በፍጥነት ገብቶ ወደቀና ሁለተኛ ሆነ። ያ ዕድል ሳይሆን የፍጥነት ውሳኔ ነው። በ2016 ማቲው ሄይማን ቶም ቦነንን ቀድሞ ሲያሸንፍ ብዙዎች "ዕድለኛ" አሉት። ሰውየው ግን ከሳምንታት በፊት ክንዱ ተሰብሮ ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት ሲለማመድ ከርሟል፤ በውድድሩም ዕለት በጊዜ ቀድመው ከወጡት አንዱ ነበር። ቀድሞ የወጣ ሰው ከኋላው ያለው ግርግር አይነካውም።

ጎማውና ብልሃቱም የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም። ንፋሱን የቀነሰ ድንጋዩ ላይ ለማጥቃት ወስኗል ማለት ነው። ያልቀነሰው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ለመቆጠብ መርጧል። ውሳኔው ጠዋት በፖምፓ ይወሰናል፤ ዋጋው ከሰዓት በኋላ ይታያል።

ክርክሩ ጨዋታ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት

የቦታ ፍልሚያው ሰው ይጎዳል። ሙሴው በ1998 አረንበርግ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተሰባበረ፤ ቁስሉ አመርቅዞ እግሩን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። (በ2000 ተመልሶ አሸንፏል።) በ2024 የተወዳዳሪዎቹ ማህበር ጠይቆ አረንበርግ መግቢያ ላይ ፍጥነት የሚቀንስ ጠባብ ጥምዝምዝ ተሠራ። ቫንደርፑል ሳይቀር በግልጽ ተቸው። በ2025 አገባቡ እንደገና ተቀየረ። "አደጋው የውድድሩ አካል ነው" የሚለውና "ሰው ሳይሞት ይስተካከል" የሚለው ሙግት አሁንም አልተቋጨም።

ይህ ነገር እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ይመለከተናል። ስለ ስፖርት ስንጽፍ "ዕድል ቀናው"፣ "ዕድል ፊቷን አዞረችበት" ማለት ይቀናናል። ቃሉ ምቹ ነው፤ ምንም አያስጠይቅም። ነገር ግን "አደጋው ዕድል ነው" ካልን መንገዱን ማን ማስተካከል ነበረበት ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ "ማሸነፏ ዕድል ነው" ካልንም ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ብቻዋን የነዳችውን ሴት ድካም ሰረዝነው ማለት ነው። የሩቤ ተመልካች ቢያንስ ይህን ያውቃል። ቢራውን ይዞ ስለ ጎማ ንፋስ ሲጨቃጨቅ የሚጠይቀው "ለምን ሆነ?" ብሎ ነው። እኛም ብዕር ስናነሳ ከዚያው ብንጀምር መልካም ይመስለኛል። ቸር ይግጠመን።