ከረጢት የምትሸከመው እናት

ሽሪምፕንና ሸርጣንን ብዙ ሰው ያውቃል። ከ4,000 ሜትር በታች፣ ብርሃን በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቻቸው አምፊፖድና አይሶፖድ ግን የሚገባቸውን ያህል አልተወራላቸውም። አምፊፖድ ጎንና ጎኑ የተጨፈለቀ ጎባጣ ነው፤ አይሶፖድ ጀርባው ጠፍጣፋ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን እናትየዋ ከሆዷ ሥር የምትይዘው ከረጢት ነው። ከእግሮቿ ሥር የሚበቅሉ ስስ ገበታዎች እርስ በርስ ይደራረቡና እንቁላሎቹን ያቅፋሉ። ልጆቹ ከዚያ ሲወጡ የእናታቸውን መልክ ይዘው ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ ብሎ ነገር የላቸውም። በአትላንቲክ መካከል ባሉት የፍል ውኃ ምንጮች ዙሪያ የሚርመሰመሰው ሽሪምፕ፣ ሪሚካሪስ፣ እጩን ለሞገድ ይሰጣል። ስለዚህ በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁት መንጋዎቹ በዘረመል እምብዛም አይለያዩም። በጭቃው ላይ የምትድኸው አይሶፖድ ግን ልጆቿን የምታወርደው እዚያው አጠገቧ ነው።

“ባሕሩ አንድ ነው፤ ከዚህ የጠፋው ከዚያ ይተካል” የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ለዚህ ነው። ዩሪቴኔስ ግሪለስ የተባለውን ትልቅ አምፊፖድ እንውሰድ። ጥንብ ፈላጊ ነው፤ በደንብ ይዋኛል፤ ከአርክቲክ እስከ አንታርክቲክ የሚገኝ አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ተጽፎለታል። ተመራማሪዎች ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲያነጻጽሩ ግን በዚያ ስም ሥር ብዙ የተለያዩ ዝርያዎች ተደብቀው ተገኙ። በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በዘር ግን በተለይ ጥልቀቱ ለያይቷቸዋል። ዋናተኛው እንዲህ ከሆነ፣ ድኸው የማይርቁትስ?

ነገሩን አስቸኳይ ያደረገው ማዕድኑ ነው። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ባለው የክላሪዮን ክሊፐርተን ቀጠና ወለል ላይ ድንች የሚያክሉ ጥቁር እንክብሎች ተበትነዋል፤ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አሉባቸው። በ1 ሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ማሽኑ እነሱን ሲለቅም የላይኛውን ጭቃ አብሮ ይጠርጋል፤ የሚነሣው ደለልም ከታረሰው ቦታ አልፎ ይሰፍራል። በ1989 በፔሩ ባሕር ላይ ለሙከራ የታረሰው ወለል በ2015 ሲጎበኝ ዱካው እንዳለ ነበር።

ፈቃዱን የሚሰጠው በኪንግስተን፣ ጃማይካ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ነው። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ከሀገሮች ክልል ውጪ ያለው ወለል የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ነው ይላል፤ ጥቅሙም የባሕር በር ለሌላቸው ሀገሮች ጭምር መሆኑን ይጠቅሳል። ባለሥልጣኑ በቀጠናው 13 የተከለሉ ቦታዎች ሰይሟል። መከለሉ ጥሩ ነው። ግን የተከለለው ቦታ ባዶ የቀረውን ሊሞላ የሚችለው የአንዱ ዘር ከሌላው የሚቀላቀል ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዝርያ ለየብቻው በዲኤንኤ መታየት አለበት። በቀጠናው ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት ከ5,000 በላይ ዝርያዎች አብዛኞቹ ገና ስም እንኳ አልወጣላቸውም። የማውጫ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት ኩባንያው ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከሚያርሰውም ሆነ ከተከለለው ቦታ የተወሰዱ አይሶፖዶችን ዘረመል ጎን ለጎን እንዲያቀርብ ነው።